አሥራ አምስተኛዋ ሠልጣኝ

"አውርጂው ብያለሁ!" አለ የእርሻው ካቦ ውባንተ፣ ትራክተሩ ፊት ተገትሮ።

ሙሚና አላወረደችውም። አጫጁን ደረበን በብብቱ ደግፋ ተሳቢው ላይ አወጣችውና ከባዶዎቹ የውኃ በርሜሎች መሀል ጆንያ አንጥፋ አስተኛችው። ከዚያ የተከናነበችውን ቶብ ሰብስባ እሷም ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሰሊጡ እየረገፈ ነው፤ አይታይሽም?" አለ ካቦው። "አጫጄንም ምግብ ቤቴንም ጭነሽ የት ልትሄጂ ነው?"

"ሽንፋ። ሥልጠና አለብኝ ብዬ ከነገርሁህ ሳምንት አለፈኝ።"

"እሱስ? እሱም ሊሠለጥን ነው?"

"እሱ ታሟል።"

"ወባ ነዋ! እዚህ በረሃ ወባ የሌለበት ማን አለ? ኪኒኑን ይዋጥና ይተኛ።"

"ሁለት ጊዜ ዋጠ። ሁለት ጊዜም ትኩሳቱ ተመለሰበት። ሦስተኛ አላስውጠውም።"

ውባንተ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ባለ እርሻው በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ስንት ሄክታር እንደታጨደ ይጠይቀው ነበር። ከመንገዱ ዘወር አለና "ለምሳ ካልደረስሽ እንዳትመለሺ" አላት።

ሙሚና ሹፌሩን "ንዳ" አለችው።

ሙሚና በዚያ እርሻ ለሰባ የቀን ሠራተኞች ምግብ የምታበስል፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ናት። የጤና በጎ ፈቃደኛ ያደረገቻት የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አየሁሽ ነበረች። "ምግቡን ማን እንደተወ ከእርስዎ ቀድሞ የሚያይ የለም" ብላ ነው የለመነቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗል። አንድ ሰደርያና አንድ ቦርሳ ተሰጣት፤ ትምህርት የሚሰጣት ግን አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት ማናዬ የሚባል የበለሳ ሰው በአጨዳው መሀል ምግብ ተወ። ፊቱ እየከሳ ሆዱ ተነፋ። ሙሚና ወባ መስሏት ሦስት ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን አስመጣችለት። ሲብስበት ሰሊጥ በጫነ መኪና ወደ አገሩ ላከችው፤ ስንቁን የቋጠረችለት እሷ ነበረች። ዘንድሮ ጓደኞቹ ተመልሰው ሲመጡ መሞቱን ነገሯት። አየሁሽ ምልክቱን ስትሰማ ራሷን ነቅንቃ፣ "ካላዛር ሳይሆን አይቀርም፤ የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው። በጊዜ ቢደረስበት ይድን ነበር" አለች።

ይድን ነበር። ሙሚና ይህን ከሰማች ጀምሮ ከሐዘኗ ቁጣዋ በለጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰደርያ ሲያለብሷት ይህን አንድ ነገር የሚነግራት እንዴት ጠፋ?

ሽንፋ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ለደረበ ካርድ አውጥታ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከወረፋው መጨረሻ አስቀመጠችውና ወደ አዳራሹ ሄደች። በር ላይ ባህሩ የሚባል ወጣት ነርስ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስም ይመዘግባል። አሠልጣኙም እሱ ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየው።

"ስምዎ የለም፣ እናቴ።"

አየሁሽ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። "እኔ ነኝ የላክሁት። ከእኔ ቀበሌ ብዙ ሕመምተኛ የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው።"

ባህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከላይ ነው የተሰረዙት" አላት። "ሥልጠናውን የሚደግፈው ድርጅት ከስምንተኛ ክፍል በታች አይመዘገብም ብሏል። ቅጽ መሙላት ስላለባቸው ነው።"

"የሚታመመው ቅጹ ነው?" አለች ሙሚና።

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

"እኔም አላወጣሁት" አለችና በአጠገቡ አልፋ ገባች። የፊተኛው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር ነበር፤ እዚያ ተቀመጠች። ባህሩ አየሁሽን አያት። አየሁሽ ደግሞ ጣሪያውን ታይ ጀመር።

የሁለት ቀኑ ትምህርት ግድግዳው ላይ በሚበራ ሥዕል ነው የሚሰጠው። ከምሳ በፊት አርባ ገጽ ማለቅ ስላለበት ባህሩ ይጣደፋል። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ አልጋና አጎበር የሚያሳይ ሥዕል መጣ።

"አጎበሩን ከጣሪያው ላይ በአራቱም ማዕዘን እናስራለን" አለ።

ሙሚና እጇን አወጣች። "ጣሪያ የሌለውስ?"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዘወር ብላ አየቻቸውና ሳቁ ቆመ።

"ሰባ ሰው አለኝ። ጣሪያ ያለው ካቦው ብቻ ነው። የቀሩት ከዛፍ ሥር፣ በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ነው የሚያድሩት።"

ባህሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ቤት ለቤት ጉብኝት፣ መጸዳጃ ቤት፣ እጅ መታጠብ። ከዚያ "ካላዛር" የሚል አንድ ገጽ በራ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ክብደት መቀነስ ብሎ አነበበውና ተሻገረ።

"መልሳት" አለች ሙሚና።

"ምኑን?"

"ያችን። መልሳት፣ ልጄ።"

"በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ አለ። እቤታችሁ ስትሄዱ ታነቡታላችሁ።"

"እኔ አላነብም" አለችና ተነሥታ ቆመች። "ስለዚህ እዚሁ ንገረኝ። ጣፊያ በየት በኩል ነው? ሲያብጥስ ምን ይመስላል? ከወባ በምን ይለያል? ባለፈው ዓመት ይህን ስላላወቅሁ ሰው ሞቶብኛል። ዛሬ ሳላውቅ ከዚህ አልወጣም።"

ባህሩ ሰዓቱን አየ። በዚህ መሀል ከኋላ ኸሊፋ የሚባለው ባለሱቅ ተነሣ። ቅድም ከሳቁት አንዱ እሱ ነበር።

"እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ" አለ። "ወረቀቱንም አነበብሁት። ጣፊያ የት እንዳለ ግን እኔም አላውቅም።"

"እኔም" አለች አንዲት ሴት። ሌሎቹም ተከተሏት።

አየሁሽ ወደ ባህሩ ቀርባ፣ "ደጅ አንድ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው። እሳቸው ያመጡት" አለችው።

ሙሚና ወጥታ ደረበ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሰዎች ሆዱን እያዩ ሊማሩበት እንደሚፈልጉ ነገረችው። "ካልፈለግህ እንቢ በል፤ ማንም አያስገድድህም" አለችው።

ደረበ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። "ማናዬ የአገሬ ልጅ ነው" አለ። "ልግባ። ይዩኝ።"

ባህሩ መሣሪያውን አጠፋ። እጁን ታጥቦ ደረበን አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛውና፣ ሠልጣኞቹን ዙሪያውን አቆማቸው። ነርስነቱ የታየው ያኔ ነው፤ ጥድፊያው ለቀቀው።

"ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?"

"እኔንጃ። ሥራ ላይ ቀን አይቆጠርም።"

"አሥራ ዘጠኝ" አለች ሙሚና። "የደመራ ዕለት ግማሽ እንጀራ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ በልቶ አያውቅም።"

ባህሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የደረበን ግራ ጎን ከጎድኑ በታች በጣቶቹ በቀስታ ጫን እያለ አሳያቸው። "ጣፊያ እዚህ ነው። የጤነኛ ሰው ለእጅ አይገኝም። የዚህ ሰው እምብርቱ ድረስ ወርዷል። እናንተ በሽታውን ለዩ አልተባላችሁም፤ የሚለየው ምርመራው ነው። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳና ግራ ጎኔ ከበደኝ ካለ ግን ኪኒን አትግዙለት። እዚህ አድርሱት።"

"ካቦው አልለቅም ቢልስ?" አለች ሙሚና።

ይህ በአርባው ገጽ ውስጥ አልነበረም።

"ዛሬ ከትራክተር ጋር ተጣልቼ ነው ያመጣሁት። ነገ እሷስ?" ብላ አንዲት ቀጭን ልጅ አመለከተች። "ሰደርያ አይተው ይፈሯታል ብለህ ነው? ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስጡን። የታመመ ሰው ይለቀቅ የሚል። ስንደውል የሚያነሣ ሰው ስልክም ስጡን።"

"ልክ ናቸው" አለ ኸሊፋ።

ባህሩ ወረቀት ስቦ ከአየሁሽ ጋር ደብዳቤውን ማርቀቅ ጀመረ።

የምሳ ሰዓት እንዳለፈ የሙሚና ስልክ ጮኸ። ውባንተ ነው።

"ሰባ ሰው ተርቦ ያፈጥብኛል!"

"ስልሳ ዘጠኝ ነው። ደረበ እዚህ ነው ያለ። ከስልሳ ዘጠኙ መሀል ሽሮ መሥራት የሚችል አይጠፋም።"

"ሌላ ሴት እቀጥራለሁ!"

"ቅጠር። እሷንም አምጥቼ አሠለጥናታለሁ" አለችና ዘጋችው። ከዚያ እርሻ ሌላ ግን የምትገባበት ሥራ አልነበራትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደረበ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ካላዛር ነው። ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ተጠራለት።

"እድናለሁ?" አለ ደረበ።

"በጊዜ ደርሰሃል። ሕክምናውን ሳታቋርጥ ከጨረስህ ትድናለህ" አለው ባህሩ።

ሙሚና ከአዳራሹ ጀርባ ዞራ በቶቧ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ለማናዬ ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች። ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

ሠልጣኞቹ ሲበተኑ ባህሩ ጠራት። ከአሥራ አራቱ የታተሙ ስሞች ሥር በእስክሪብቶ አሥራ አምስተኛ ብሎ ስሟን ጽፎ ነበር።

"የትምህርት ደረጃ የሚለው ነው የቀረኝ" አላት ጎንበስ ብሎ። "ስምንተኛ ብዬ ልሙላልዎት። ማንም አያጣራም።"

አየሁሽም "እሺ ይበሉት፣ እታለም" አለቻት።

ሙሚና ዝርዝሩን አየችው። ማንበብ ባትችልም የትኛው መስመር የእሷ እንደሆነ፣ ባዶው ሳጥንም የትኛው እንደሆነ ይታያት ነበር።

"አይሆንም" አለች። "አልተማረችም ብለህ ጻፍ።"

"ይሰርዙዎታል እኮ።"

"ይሰርዙኝ። ዛሬ ስምንተኛ ብለህ ብትጽፈኝ፣ ነገ እንደኔ ያልተማረች ስትመጣ አንድም ያልተማረ ሠልጥኖ አያውቅም ይሏታል። ያልሁህን ጻፍ። የሚሰርዘኝም መጥቶ ፊት ለፊቴ ይሰርዘኝ።"

ባህሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ አልተማረችም ብሎ ጻፈና የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋላት።

ሙሚና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ፣ ከስሟ ጎን።

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?" አለች።