ለልብ የሚበጀው ዓሣ

አክስቴ ምግብ ቤት በለውዝ የተለበጠ ዓሣ አለ። ዓሣው ጡንቻ ይገነባል፣ የለውዙ ቅባት ለልብ ይበጃል እየተባለ ሐኪም ያስፈራራው ሁሉ እኛ ጋ ይጎርፋል። ሲነክሱት ኮሽ የሚለው ድምፅ ደግሞ አንዴ የሞተች ድመት ቀስቅሷል፤ አለማመን መብታችሁ ነው።

የሚሠሩት በርሜልና የእህቱ ባል ምላጭ ናቸው። በርሜል ዓሣውን እንቁላል ውስጥ ነክሮ በተከካ ለውዝ ይለብጣል። ምላጭ እሳቱን እንደ ሕፃን እያባበለ ይጠብሳል፤ ለውዝ ቶሎ ይከስላላ! ዓሣ የማጸዳው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አክስቴ፣ «ጭቅጭቃችሁ ሰለቸኝ። ዛሬ ምሳ ላይ የበለጠው ምድጃውን ይይዛል፤ ሌላው ይሂድ» አለች።

«እትዬ፣ ያለቀ ነገር ነው» አለ በርሜል። «ይሄ ያለ እኔ ባዶ መጥበሻ ነው።»

«አንተስ? ጥሬ የምታበላ!» አለ ምላጭ።

«ድገማት እስቲ!»

«ጥሬ የምታበላ! እህትህም እንደዚያ ነው የምትልህ።»

የእህቱን ስም ሲያነሳበት የበርሜል ዓይን ደም ለበሰ። ከፍሪዘሩ ድንጋይ የሆነ ዓሣ መዞ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ መሬት ወረደ። ምላጭ በመጥበሻ ግንባሩን ፈነከተው። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ ጀግና ነኝ፣ ግን ጠረጴዛው ይበልጠኛል። በርሜል የምላጭን ቀኝ እጅ ፍሪዘሩ ውስጥ ከቶ በሩን በሙሉ ክብደቱ ዘጋበት። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። ይቺን አላጋነንኩም።

«በቃ፣ ምድጃው የኔ ነው» አለ በርሜል እያለከለከ።

ደሙ እየተንጠባጠበ ዓሣ ለበጠ፤ እሳቱን እስከ ጥግ ለቀቀው። ለውዙ ወዲያው ጠቆረ፤ ውስጡ ገና ጥሬ ነው። ሌላ ጨመረ፤ ያም ከሰለ።

«ቀንሰው!» ብሎ ጮኸ ምላጭ፣ አክስቴ እጁን በፎጣ እየጠቀለለችለት።

በርሜል እልህ ይዞት ጨመረው። ዘይቱ ተቀጣጥሎ ቅንድቡን ላሰው። መጥበሻውን ሲወረውር የሚነደው ዘይት የገዛ እግሩ ላይ ተደፋ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አክስቴ እርጥብ ጆንያ ጥላ እሳቱን አጠፋች። የጋዙንም ቧንቧ ጠረቀመችው።

«ሽርጣችሁን አውልቁ፤ ሁለታችሁም። ምድጃው ለማንም አይሆንም።»

አንድ ታክሲ ላይ ደገፍ አድርጌ ጫንኳቸው። ምላጭ ደም እየተፋ፣ «ቀንሰው አላልኩህም?» ቢለው በርሜል በቴስታ ደገመው።