አራት ሽፋን ያለው ጥርስ

«ምላስዎን ወደ ቀኝ ያድርጉልኝ፤ አሁን እንዳይውጡ፣ የኔታ» አለ ዳኛቸው፣ መንቀሻውን ከመሪጌታ ፈንታሁን አፍ ውስጥ ቀስ እያደረገ ሲያዞር። አፍንጫው ላይ ያሰረውን ሻሽ ሰባት ጊዜ ጠቅልሎታል፤ ለዚያ ሽታ ግን ሰባት ግንብም አይበቃው። አፉ ሲከፈት በአርብ ገበያው ጤና ጣቢያ መስኮት ላይ የሰፈሩት ዝንቦች ለሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ ወደ ውስጥ ገሰገሱ፤ ነፍሳቸውን የሚወዱት ወደ ቆዳ ተራ ሸሹ። የሞተ አህያ በዘጠነኛው ቀን ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው የዚህን ግማሹን ያውቃል።

ዳኛቸው የጤና ረዳት ነው። ጎንደር ወርዶ ሦስት ወር ስለ ጥርስ ከተማረ ወዲህ በታች ጋይንትና በስማዳ መካከል ያላየው አፍ የለም፤ ሰባት ሺህ ቢባል ማነስ እንጂ መብዛት የለበትም። ከሰባቱ ሺህ አንዱን እንኳ አልወደደውም። አፍ ካየ ምሳ አይበላም፤ ምሳ ከበላ አፍ አያይም። ገበያ በሆነ ቀን ሁሉ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ያጠብቃል።

የዛሬው አፍ ግን እንደ ሌላው ነቅለው የሚገላገሉት አልነበረም። መሪጌታ ፈንታሁን ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ወዲህ ባለች ደብር ወንበር ዘርግተው ድጓ ያስተምራሉ። የታመመችው ከላይኛው ክራንቻ አጠገብ ያለችው ጥርስ ናት። እሷ ከወለቀች «ሰ» ባሉ ቁጥር ፉጨት ይከተላቸዋል። የድጓ ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ሳል እንኳ ሳያጎድል ነው ተከትሎ የሚቀጽለው። እንዲህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ከጋይንት እስከ ጎጃም ያለ ደብር ሁሉ እያፏጨ ሊያዜም ነው። ሰውየው አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው የመጡትም ለሕመሙ ሳይሆን ለዚህ ፍርሃት ነው።

ከጥርሷ ጉድጓድ መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ድብልብል ነገር ነበር። ውስጡ ሁለት የጤፍ ቅንጣትና አንድ ፀጉር ተቀብረውበታል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው፣ ልጄ። ከጧፍ የተረፈ። ጉድጓዱን እኔው ነኝ የደፈንኩት።»

«ትኩስ ሽሮ ሲበሉስ?»

«ይቀልጣል። ያን ጊዜ እውጠውና ሌላ አደርግበታለሁ።»

ዳኛቸው ዓይኑን ጨፈነ። ጨክኖ እንደገና ቢገባ፣ ከሰሙ ሥር የሚያሙለጨልጭ ቡናማ ነገር እንደ ንፍጥ ተስቦ ተስቦ መጣ።

«የግራር ሙጫ» አሉ የኔታ ሳይጠየቁ። «ለቀለም የምንበጠብጠው ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ነው።»

«አፍ ውስጥ መቼ ይደርቃል፣ የኔታ? ምራቅ ያሟሟዋል። ይኸው ሟሙቶ።»

ከሙጫው ሥር ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተገኘ፤ አብሮ ተደቁሶ፣ አብሮ በስብሶ። እሱ ሲነካ የኔታ ከወንበሩ አንድ ክንድ ተነሡ።

«ሲያቃጥል ትሉን ይገድላል ተባልኩ» አሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

«ትል የለበትም። የሚቃጠለው ነርቩ ነው።»

«ነርቭ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጥርሷ ነፍስ ይበሉት።»

«እንግዲያ ነፍስ ስገድል ከርሜያለሁ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

የመጨረሻው ሽፋን ከሁሉ ባሰ። ዳኛቸው በመንቀሻው ጫፍ ይዞ ሲስበው አራት ጊዜ የታጠፈች፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጨርቅ መሰለችው። ብርሃን ላይ ዘረጋት። ብራና ናት። ምራቅ ጠጥታ አብጣለች፣ በስብሳ አረንጓዴ አብቅላለች፣ ቀይ ቀለሙ ግን ገና አለ።

«እሷን እንዳትጥላት» አሉ የኔታ ፈጥነው። «ጸሎት አለባት። እኔው ነኝ የጻፍኳት። በጨርቅ ቋጥርና ስጠኝ።»

«ይህን ተመልሰው አፍዎ ሊያስገቡት ነው?»

«አንገቴ ላይ አስራታለሁ እንጂ። ምነው፣ ሰውም አላደረግኸኝ?»

ዳኛቸው ብራናዋን በሻሽ ቋጥሮ ሰጣቸውና እጁን በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። በሦስተኛው እጥበት የጤና ጣቢያው ጋን ጎደለ።

«ሽፋን አነሰው እንዳትለኝ ብቻ» አሉ የኔታ፣ አፋቸውን ከተጉመጠመጡ በኋላ። «አራት አድርጌለት ነበር።»

«አራቱም ከዱዎት። ጉድጓዱ የሚሞላው በብር ነው፤ ከብሩ ሥር የሚተኛው ሽፋን እንደ ሰሙ መቅለጥ፣ እንደ ሙጫው መሟሟት፣ እንደ ሽንኩርቱ ማቃጠል የለበትም። ሲያኝኩበትም እንደ ብራናዋ አይሰምጥም። ከሁሉ በላይ ሙቀት አያሳልፍም። ብር ብረት ነው፣ የኔታ። በብረት ኩባያ የፈላ ሻይ ሲጠጡ ከንፈርዎን አያቃጥልዎትም? ያ ብረት በቀጥታ ነርቩ ላይ ቢቀመጥ ያስቡት።»

«ከኮርቻ በታች እንደሚነጠፈው ጨርቅ ነዋ። ያለ እሱ በቅሎዋ ትላጣለች።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ጨርቁን አንጥፋና ጫነኝ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ነጭ ዱቄት በቅርንፉድ ዘይት ተለውሶ ነው የሚሠራው። ዱቄቱ አለ፤ ዘይቱ ግን ካለቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ያለ ዘይቱ ዱቄቱ ለግድግዳ እንጂ ለጥርስ አይሆንም። ዳኛቸው ያለ ሽፋን ብር መሙላት ምን እንደሚያመጣ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው። ሐምሌ ላይ የወፍጮ ቤቱን ሥዩምን፣ ሰልፉ ረዝሞበት፣ እንዲሁ ሞልቶ ሸኝቶት ነበር። ሥዩም ማምሻውን አንድ ብርጭቆ ሻይ ፉት አለ። ጩኸቱን ወገዳ ድረስ ሰምተውታል ይባላል፤ በዚያች ማታ ያልጨነገፈ ሽል በስማዳ የለም። በአራተኛው ቀን መንጋጋው አብጦ፣ መግሉ በጉንጩ ፈንድቶ መጣ። ዳኛቸው ጥርሱን ከነብሩ ነቀለው። ብሩ ከመግሉ መካከል ያብለጨልጭ ነበር። ከሰባቱ ሺህ አፍ ሁሉ ያቺ ብልጭታ ናት እንቅልፍ የነሳችው፤ የራሱ እጅ የሸተተውም ያን ቀን ነው።

ወደ መስኮቱ ሄደ። ከግንቡ ሥር ኑሪያ ቅመሟን ዘርግታ ትሸጣለች።

«እስቲ ትንሽ ቅርንፉድ አቀብይኝ፣ ኑሪያ።»

«ለወጥ ነው ለጥርስ?»

«ለጥርስ።»

«ለጥርስ ከሆነ በነፃ ውሰድ» አለች እፍኝ ሙሉ ዘግና እየዘረጋች። «መስኮቱን ግን ዝጋልኝ፣ ወንድሜ። በርበሬ ገዢ ሁሉ በእናንተ ሽታ ወደ ማዶ ተሻገረብኝ።»

ቅርንፉዱን ወቅጦ፣ በጥጥ አድርጎ ጉድጓዱ ውስጥ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። የኔታ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ወረደ።

«ይህ ሕመሙን ያስተኛልዎታል እንጂ ጭነት አይችልም። ዘይቱን ነፋስ መውጫ ወጥቼ እስካመጣ...»

በሩ ተከፈተና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ታፈረ ገባ። ሽታው ፊቱን በጥፊ መታው መሰለኝ፣ በመሐረቡ አፉን ሸፍኖ ነው የተናገረው።

«የአውራጃው ልዑካን ጨጨሆን አልፈዋል አሉ። ፎቶ አንሺ ይዘዋል። ካህን በአብዮቱ ዘመን ጥርሱ በነፃ በብር ተሞልቶለት ሲስቅ ያነሡታል። ሙላላቸው።»

«ሽፋን የለኝም፣ ጓድ ታፈረ።»

«ሽፋኑ በፎቶ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?» ታፈረ ቁም ሣጥኑን በገዛ እጁ ከፈተ። ከብሩ ብናኝ የቀረችው የአንድ ጥርስ ልክ ብቻ ናት፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ አምላክና ጤና ጥበቃ ናቸው የሚያውቁት። ብናኙን ሙቀጫው ውስጥ ገለበጠ፣ ያንን ፈሳሽ ብረት፣ ባዜቃውን፣ ጨመረበት፣ ዘነዘናውን ለዳኛቸው አስጨበጠው። «እነሱ ሲገቡ ሞልተህ ጠብቀኝ። ይህ የሕዝብ ንብረት ነው። ቢባክን ስሙ አሻጥር ነው፤ ለአሻጥር ምን እንደሚደረግ አልነግርህም።»

ዳኛቸው ማሸት ጀመረ። ብርና ባዜቃው ተዋሕዶ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። እንዲህ ለስልሶ የሚቆየው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻም አይነቃነቅ። ታፈረ ከራሱ በላይ ቆሞ ጠበቀ። ከሽቶ ጋር የተለወሰ ላቡ ከየኔታ አፍ ይልቅ ለዳኛቸው ከረፋው።

ከውጭ የላንድሮቨር ጡሩምባ ተሰማ። ታፈረ ኮሌታውን አስተካክሎ ሮጠ።

የኔታ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ጥጡ በጥርሳቸው መካከል ነጥቶ ይታያል።

«ሙላው ካሉህ ሙላው፣ ልጄ። ባለሥልጣን ነው፣ በእኔ ምክንያት ክፉ አያግኝህ። ብቻ ዛሬ ሻይ አልጠጣም።»

ዳኛቸው ብሩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። የሥዩም ጉንጭ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ሙቀጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከየኔታ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ ድጓ ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?»

የድጓ መምህር ይህን ተጠይቆ ባጭሩ የመለሰበት ጊዜ በታሪክ አልተመዘገበም። የኔታ አፋቸውን ገጠሙ፣ ጥጡን በምላሳቸው ደገፍ አደረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንደ ሰውየው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳዊት ደገምኩ፤ ከዚያ ጾመ ድጓ...»

ወጋቸው የጾመ ድጓ መምህራቸው ጋ እንደ ደረሰ ታፈረ በበሩ ብቅ አለ። ከኋላው የብዙ ጫማ ድምፅ ይሰማል።

«ሞላህ?»

«እየሞላሁ ነው» አለ ዳኛቸው ሳይዞር። በሁለት ጣቱ ሙቀጫውን ነካ፤ ብሩ ዳር ዳሩን መጠንከር ጀምሯል፣ መሐሉ ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ወሬ ይቀረዋል። እጁን መለሰና ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

«ከጾመ ድጓ በኋላስ፣ የኔታ? አይቸኩሉ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»