ሁለት ጊዜ ክላክስ

ክንዴ እናቱን ማክሰኞ ቀበረ፣ ሐሙስ የሚኒባሱን መሪ ጨበጠ። ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር። የመናኸሪያ ጓደኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡለትና «አይ ክንዴ፣ ጠንካራ ሰው እኮ ነው!» አሉ። እሱም ይህን ሰምቶ በልቡ ደስ አለው። ይኸ ጠንካራ የሚሉት ሙገሳ ስንቱን ሰው ሳያለቅስ እንዳስቀረው የሚያስብ ቢኖር፣ ማንም ለወዳጁ ባልተመኘው ነበር። ግን እንጅባራ መናኸሪያ ውስጥ ለማሰብ ጊዜ ያለው ማን ነው? ሁሉም ወደ ተራው ይሮጣል።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት ሆነ። በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን አላረፈም። ከእንጅባራ ጫግኒ፣ ከጫግኒ እንጅባራ፤ የራሱ ተራ ሲያልቅ የሌላውን እየለመነ ነዳ። የእናቱን አርባ እንኳ ያሳለፈው መኪና ላይ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሲጠብቀው ስልክ አንሥቶ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» አለ። ሥራ ያስረሳል ብሎ ነበር። ሥራው እንቅልፉን ወሰደበት እንጂ ምንም አላስረሳውም። እህል አልወርድ አለው። በትንሽ በትልቁ መቆጣት ጀመረ፤ ትናንት እንኳ በሩን በኃይል ዘጋህ ብሎ ረዳቱን መሳፍንትን፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነውን ሰው፣ በተሳፋሪ ፊት አዋረደው።

ከሁሉ የከፋው የእናቱ ቤት መንገድ ዳር መሆኑ ነው። እንጅባራን ለቀው ወደ ጫግኒ ሲያቆለቁሉ፣ ትልቁ ኩርባ ላይ ሳይደርሱ፣ በቀርከሃ የታጠረ ቤት አለ። ክንዴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግ ነበር። እናቱ ዘውድነሽም የያዘችውን ሥራ ትታ ብቅ ትልና ከበሩ ላይ ሆና እጇን ታነሣለች። አይቆምም፣ አይነጋገሩም። እሷ ልጇ በደኅና ማለፉን ታያለች፣ እሱ እናቱ መኖሯን ያያል፤ ይኸው ነው።

አሁን በሩ ዝግ ነው። ክንዴም በሩን ላለማየት አንድ ዘዴ ዘየደ፤ እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ይረግጣል። በቀን አራት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ፍሬን በሚይዝበት ቦታ፣ እሱ ፍጥነት ይጨምራል።

የዚያን ቀን ጧት ሐምሌ የለመደውን ያደርግ ነበር። ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ዝናቡ ያካፋል። ሚኒባሱ ሞልቷል። ጋቢና ላይ፣ ከክንዴ ጎን፣ አያ ትዕዛዙ የሚባሉ ሽማግሌ አለንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ ጫግኒ የሚሸጥ ፈረስ አለ ቢሏቸው ሊያዩ መሄዳቸው ነው። ከኋላቸው እታለማሁ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ባዶ ጆንያዎቿን አቅፋለች።

«አንተ ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ! ድንች መሰልንህ የጫንከው?» አለች፣ ገና ከተማውን ሳይለቁ።

«ከፈራሽ ወርደሽ በእግርሽ ሂጂ!»

«ወይ መዓት! አፉም እንደ አነዳዱ ነው» አለች። ሰው አጉረመረመ። ክንዴ ዓይኑን በእጁ ጀርባ አሸ። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁረዋል፤ አንድ ሁለት ጊዜ መንገዱ ጠፍቶበት እንደገና ተመልሷል።

አያ ትዕዛዙ መንገዱን ትተው የክንዴን እጅ ያያሉ። ጣቶቹ መሪው ላይ ነጥተዋል።

«ልጄ፣ ሌሊት ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ፣ አያ። እርስዎ አይጨነቁ።»

«አልተኛህም። እኔ ስድሳ ዓመት ከፈረስ ጋር ኖሬአለሁ። ልጓሙን ነክሶ የሚሸመጥጥ ፈረስ ሲገጥመኝ አውቀዋለሁ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ክንዴ ግን አልሰማም፤ ከፊቱ ከሰል የጫነ አይሱዙ ድቅን ብሎበታል። በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። ክንዴ ክላክሱን ደጋግሞ ተጫነው፤ አይሱዙው ወይ ፍንክች። በቀኝ በኩል የሚያውቀው ባሕር ዛፍ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ የቀርከሃው አጥር ነው። እንዲህ እያዘገመ ካለፈ ያ በር እስኪጠግበው ሊያየው ነው። አጥሩ ብቅ ሲል መሪውን ወደ ግራ መታና ሊደርብ ወጣ።

«ኧረ አይታይም!» ብሎ ጮኸ መሳፍንት።

እውነትም አይታይም ነበር። ክንዴ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ። ከአይሱዙው እኩል ሲደርስ ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ወጣ። ሴቶቹ የማርያምን ስም ጠሩ። የአይሱዙው ሾፌር ፍሬን ያዘለት፤ ክንዴ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ከፊት የመጣው መኪና የግራ ስፖኪዮውን ገንጥሎበት አለፈ። ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ተንኳኳ፣ ተመለሰ። ተረፉ። ሰው ተረፍኩ ብሎ ትንፋሹን ሳይጨርስ ግን ሚኒባሱ ፍጥነት ጨመረ። የክንዴ እግር ከነዳጁ ላይ አልተነሣም። ኩርባው ከፊት ነው፣ ከኩርባው ማዶ ገደል ነው።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

አያ ትዕዛዙ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ሽማግሌ አልነበረም። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ዱላ አንሥቶ እንደሆነ ዱላውን ያወርዳል፣ የሚሮጥ እንደሆነ ባለበት ይገተራል። ክንዴ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያወቀው ይህን ነው። ጭንቅላቱ ሳያዝዘው እግሩ ፍሬኑን ያዘ። ሚኒባሱ እየተንሸራተተ ሄዶ ኩርባው አፍ ላይ ቆመ።

«ቁልፉን ስጠኝ» አሉ አያ ትዕዛዙ።

«አልሰጥም!» ቁልፉን ነቅሎ ጨበጠው። «ተራዬ ነው! እኔ ነኝ የማደርሳችሁ!»

«እሺ፣ ያዘው። ነገር ግን ውረድ።»

ወረደ። ሽማግሌው አለንጋቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው እጁን ያዙትና ዳገቱን ይመሩት ጀመር። «ሲጋልብ የመጣ ፈረስ ወዲያው አይታሰርም፣ ወዲያው ውኃም አያጠጡትም፤ ይሞታል። ላቡ እስኪደርቅ እየሳቡ ያንሸራሽሩታል። ና፣ ተራመድ።» ክንዴም ተራመደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ወንድ በሽማግሌ እጅ እየተሳበ ሲሄድ ማየት በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ የቀርከሃው አጥር ከጉሙ ወጣ። ክንዴ እግሩን ተከለ።

«በዚህ በኩል አይሆንም፣ አያ። እባክዎ ወደ ታች እንመለስ።»

«በዚህ በኩልስ ምን አለ?»

ክንዴ ፊቱን ከአጥሩ አዞረ። ከኋላ ተከትሏቸው የመጣው መሳፍንት በእሱ ፈንታ መለሰ። «የእናቱ ቤት ነው፣ አያ። ካረፈች ሰባት ሳምንቷ ነው። ለቅሶ አልተቀመጠም፤ አንድ ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም።»

እታለማሁ ጆንያዋን ጥላ፣ ልክ ልኩን ልትነግረው እየተንደረደረች ደርሳ ነበር። ይህን ስትሰማ እንደ ቆመች ቀረች። ቁጣዋ ፊቷ ላይ ሟሟ።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ዘውድነሽ» አለ መሳፍንት።

እታለማሁ ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ አይታት የማታውቃትን ሴት በስሟ ጠራቻት። «ወይኔ ዘውድነሽ! ወይኔ እህቴን! ልጅሽ በደጅሽ እየሮጠ ሲያልፍ ዝም አልሽው?» ሌሎቹ ሴቶችም ከመኪናው እየወረዱ ተቀበሏት።

ክንዴ እንደ ቆመ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እምዬ!» ብሎ ጮኸና አስፋልቱ ዳር ተንበረከከ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲሸሸው የነበረው ኀዘን እዚያው በር ላይ ያዘው። አያ ትዕዛዙ አላባበሉትም። «እንዲህ ነው። ይውጣልህ» ብቻ አሉ።

አልቅሶ ሲበቃው ጭብጡን ከፈተ። መዳፉ ላይ የቁልፉ ጥርስ ታትሟል። በአንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ቁልፍ ነበር፤ አንዱ የመኪናው፣ አንዱ የእናቱ ቤት። ክንዴ የመኪናውን ነቅሎ ለመሳፍንት ሰጠው።

«ውቤ ጋ ደውል። መጥቶ ያድርሳቸው። ትናንት ያደረግኩህንም ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አለ መሳፍንት።

በሌላው ቁልፍ በሩን ከፈተ። ተሳፋሪዎቹ ተከትለውት ገቡ። ቤቱ ቅዝቃዜና አቧራ ሸተተ። መደብ ላይ አስቀመጡትና እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ መጣ። ውቤ የሚባለው ሾፌር ጓደኛው ከእንጅባራ በባጃጅ እስኪደርስ ድረስ ማንም ስለ ሰዓት አላነሣም። ሲነሡም እያንዳንዳቸው «እግዜር ያጥናህ» እያሉት ወጡ። እታለማሁ የመጨረሻዋ ነበረች። «እኔም ባሌን የቀበርኩ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥቼ ነበር» አለችው። «ተወው፣ አይጠቅምም።» ይህን ብላ ወጣች።

ሁሉም ሲሄዱ ክንዴ በእናቱ አልጋ ላይ ጋደም አለ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው።

የቀሰቀሰው ክላክስ ነው። ሁለት ጊዜ። ጉሙ ተገፍፏል፣ ቀኑ ወደ ዐሥር ሰዓት ተጠግቷል። ከጫግኒ የምትመለሰው የራሱ ሚኒባስ መሆኗን በድምጿ ለየ። ተኝቶ ሳለ ጎረቤት ያለበሰችውን ጋቢ ከላዩ ላይ ገፍፎ ተነሣና እናቱ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ በሩ ላይ ቆመ። ውቤ ከመሪው ላይ ሆኖ ወደ ቤቱ ያያል። ከጎኑ አንድ አለንጋ ከፍ አለ።

ክንዴ እጁን አነሣ። ሚኒባሷ አልቆመችም፤ በዝግታ ዳገቱን ወጣች።