የነጠላው ጫፍ

ባንቺአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ከልጇ ጣት ላይ ለመፍታት ጎንበስ ስትል የትኩሳቱ ወላፈን ፊቷን ነካት። ሸጋዬ፣ እናቷ ተነሥታ ወደ ጠላ ጋኖቿ እንዳትሄድባት፣ የነጠላውን ጫፍ ጣቷ ላይ ሳትቋጥር ተኝታ አታውቅም። ዛሬ ቋጠሮው በላብ ርሶ እንቢ አለ። ባንቺአየሁ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ልጂቱ በእንቅልፏ ጣቶቿን ዘርግታ ባዶውን ጨበጠች።

«ሂጂ እንግዲህ» አለች ጎረቤቷ ታየች ከበሩ ላይ ቆማ። «ጠላውንም ልጂቱንም እኔ አያለሁ።»

«ውሃ ስትጠይቅሽ ለብ አድርገሽ ስጫት፣ እታለም።»

«ያን ሁሉ ልጅ ያሳደግሁ ሴትዮ ውሃ መስጠት ልማር ነው? ሂጂ አልሁሽ!»

ባንቺአየሁ ወጣች። ጣልያን ከጎንደር ከወጣ ወዲህ ሰላም ይመጣል ተብሎ ነበር፤ የትክል ድንጋይን መንገድ ግን ሽፍታ ዘግቶት ጌሾም ገብስም መግባት አቁሟል። የሰፈሩ ሴቶች ጠላ ቤታቸውን አንድ በአንድ ዘግተዋል። የእሷ ያልተዘጋው ገብሱ ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ጎተራ ስለሚመጣላት ነው። ባሏ አለበል በጦርነቱ ከሞተ ጀምሮ እሷና ልጇ የሚኖሩት በዚያ ገብስ ነው። አሁን ደግሞ የወይዘሮዋ አንድያ ልጅ በዚሁ ሰሞነኛ ትኩሳት ሞታለች። «ያለ ባንቺአየሁ ለቅሶው አይቆምም» የሚል መልእክት ትናንት መጥቶላታል። በጎንደር እንደ እሷ ያለ አልቃሽ የለም ይባላል።

ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት፣ ከተቃጠለው ማኪና አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ለሟቿ የሚሆን አንዲት ስንኝ እንኳ አልያዘችም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድማ ሟች ቤት ማጀት ገብታ ገረዶቹን ትጠይቃለች፤ ሟች ምን ይወድ ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነበር፣ ማንን ምን ብሎ ይጠራ ነበር። የሰማችውን በግጥም አድርጋ ለሸጋዬ ታስይዛታለች። ባንቺአየሁ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ገና ዘንድሮ ነው። ግጥሞቿ ሁሉ የተቀመጡት በልጇ ራስ ውስጥ ነው፤ እናት የረሳችውን ልጅ አትረሳም።

ትናንት ግን ከልጇ ራስጌ አልተነሣችም። ጨርቅ እየነከረች ግንባሯ ላይ ስታደርግ፣ ሳታስበው ግጥም መጣላት። ለሸጋዬ የሚወርድ ሙሾ ነበር። ልጇ አጠገቧ እየተነፈሰች የልቧ አንዱ ጥግ ቁጭ ብሎ ቤት ይመታ ነበር። አማተበች፤ ግጥሙ አልሄደም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የመጨረሻው ስንኝ ሲገጥምላት ደስ ብሏት ነበር።

ለቅሶው ላይ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። አንዲት ገረድ የሟቿን ቀሚስ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ባንቺአየሁ የልጂቱን ዘር ጠራች፣ አያቷን አወደሰች። ሰው ደረቱን መታ እንጂ ዓይኑ አልራሰም። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ደረቅ ነው።

«ዛሬ ምን ነካት?» አለች አንዷ ከኋላዋ።

የገብሱ ጎተራ ትዝ አላት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ያ የትናንቱ ግጥም ነበር።

«የነጠላዬን ጫፍ ከጣቷ ላይ ቋጥራ፣
‹አትሂጂ እናቴ› እያለችኝ አድራ፣
ቋጠሮው ሳይፈታ ይዤው እንዳለሁ፣
እሷ ጥላኝ ሄዳ እኔ ቀርቻለሁ።»

ክቡ ፈረሰ። ወንዶቹ ሳይቀሩ በኩታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ አንሥተው አገላበጡት፤ የልጃቸውን ጣት ምልክት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። «አዎ! ትይዘኝ ነበር! ትይዘኝ ነበር!» ብለው ጮኹ፤ እንባቸውም ያን ጊዜ መጣ።

ከቀብር በኋላ እዝን ሲቀርብ ያቺ ገረድ ሰሃን አስቀምጣላት ጎንበስ አለች።

«ልጂቱ እኮ ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው» አለቻት በሹክሹክታ።

ባንቺአየሁ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሰሃኑ መለሰችው። ስትሰናበት ወይዘሮዋ እጇን ይዘው፣ ገብሷ እንደማይቋረጥ ነገሯት። እሷ ጉልበታቸውን ስትስም ፊቷን ቶሎ አላነሣችም። ዳገቱን እየተንደረደረች ወረደች። በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ከጠላ ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ግጥሙ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ከለቅሶው በጊዜ የተመለሱት ደንበኛዋ አያ ክንዱ ዋንጫቸውን ይዘው የመጨረሻውን ስንኝ እያሉ ነበር።

«መጣች! አንቺ ልጅ፣ ጠላሽ ሲቀጥን ግጥምሽ ወፈረሳ!»

«እኔን እንኳ አስለቀሰኝ» አለ ሹፌሩ ቢያዝን። «ማኪናዬ ገደል የገባች ዕለት ያላለቀስሁትን ሰውዬ!»

«ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ አያ?» አለች ባንቺአየሁ፣ የልጇን መኝታ ወደ ከለለው መጋረጃ እያየች።

«ለጠላ ቤት ሹክሹክታ ምን ይሠራል!»

ታየች ማሰሮውን እንደያዘች ቀረበቻት። «እግዜር ይመስገን፣ ትኩሳቱ በረድ ብሎላታል። ነቅታለች።»

ባንቺአየሁ መጋረጃውን ገለጠች። ሸጋዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ግጥም ስትይዝ እንዲህ ነው የምታደርገው።

«አያ ክንዱ ሁለተኛዋን ስንኝ አበላሽተዋታል፣ አይደል?» አለች በቀጭን ድምፅ።

እናትዮዋ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

«የነጠላውን ነገር ነገርሻቸው?»

ባንቺአየሁ ከራስጌው የረጠበውን ጨርቅ አንሥታ ጨመቀች።

«ይሄንንስ ምነው አላስያዝሽኝም?»

ከመጋረጃው ማዶ ሰዎቹ ዋንጫ እያጋጩ «ባንቺአየሁ! እስቲ ራስሽ በይልን!» እያሉ ይጠራሉ። ሸጋዬ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ሳበች። ጠዋት በጥርስ የተነከሰው ቦታ ገና እንደ ተጨማደደ ነው። ጥቂት ካየችው በኋላ መልሳ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይጠሩሻል፤ ሂጂ» አለች።

ባንቺአየሁ አልተነሣችም። የልጇን ጣት ይዛ ጫፉን ልትቋጥርበት ሞከረች፤ ሁለቴ አመለጣት። ሸጋዬ ጣቷን አልሸሸገችም፣ አላጠፈችውምም። እንደ ዘረጋችው ተወችው።