ለእሑድ የተቀጠረ መርዶ

የኬላው ወታደር ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናው ውስጥ ሲያይ አስካለ ትንፋሿን ዋጠች። እሷም ማሚቴም በዚህ ዐረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም፤ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ወጥተው በየሰዉ ቤት በተመላላሽነት መሥራት ከጀመሩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሾፌሩ ሱለይማን የአገሩ ተወላጅ፣ የኦዛይ ሰፈር ሰው ነው፤ ወታደሩን በሰላምታ አጣደፈውና እለፉ ተባሉ።

"ኸላስ፣ በቃ አለፍን" አለች ማሚቴ እየሳቀች።

አስካለም ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከትናንት በስቲያ የማሚቴ ወንድም ሕዝቅኤል ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር፤ ለእህቱ ሳይሆን ለአስካለ። እናታቸው አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። መርዶው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዲነገራት አደራ አላት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ማሚቴ ወገቧን ልታስታምምበት ስትመኘው ወደ ኖረችው፣ በአገሩ ሰሜን ወዳለው ፍል ውኃ እንሂድ ስትላት አስካለ እምቢ ማለት አቃታት። ከሐዘኑ በፊት ሰውነቷ አንድ ቀን ይረፍ ብላ ራሷን አሳመነች።

መታጠቢያው ማሳ መካከል የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የብሎኬት ቤት ነው፤ በአንድ በኩል ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች ይገቡበታል። የሴቶቹን በር የሚጠብቁት አይዳ የሚባሉ አሮጊት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፎሶሊያ ይቀነጥባሉ። ከውስጥ የተቀቀለ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል። መታጠቢያው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

ማሚቴ ከነቀሚሷ ገንዳው ውስጥ እስከ አንገቷ ገባች። ስምንት ዓመት የሰው ደረጃ ሲያጥብ የኖረ ወገቧ ሙቀቱ ሲያገኘው ዓይኗን ጨፈነች።

"ልጅ ሆኜ እማዬ ፍል ውኃ ትወስደኝ ነበር" አለች። "ያኒ፣ ተራ ስንጠብቅ እንውልና ገና ከመግባታችን ሰዓት አለቀ ይሉናል። እኔን አጥባ ትወጣለች፤ ለራሷ አይደርሳትም።"

አስካለ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እግሯን ብቻ ነክራለች።

"ያላ፣ ስልክሽን አምጪው። የእኔ ባትሪ ጨርሷል። ውኃውን ለእማዬ ላሳያት፤ ዛሬ እንኳ ታነሣ ይሆናል።"

"እዚህ ኔትወርክ የለም።"

"አሁን ስንገባ ሲጮህ ሰማሁት እኮ።" ማሚቴ ፊቷን በእጇ አበሰች። ሳቋ ጠፍቷል። "ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳ ዝግ ነው፣ አስካለ። ሕዝቅኤል ገጠር ሄዳለች ይለኛል። በዚህ ክረምት፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ማን ነው ገጠር የሚወስዳት?"

አስካለ እግሯን ከውኃው አወጣች። ስለ ነገ አሰበች። ሺያህ በሚባለው ሰፈር ባለው ክፍላቸው ለአምስት ነው የሚያድሩት፤ ድምፅ ከፍ ሲል ጎረቤት ግድግዳ ይመታል፣ አከራዩም ፖሊስ እጠራለሁ ይላል። አምና አብራቸው የምታድረው ትግስት ወንድሟ ሲሞትባት ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ማሚቴም ነገ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥቂት ታለቅስና፣ ከዚያ ያው ትራስ ይጠብቃታል። እዚህ ግን ዙሪያው ማሳ ነው።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ በምትችለው ዐረብኛ ቀስ ብላ፣ "ማዳም፣ የጓደኛዬ እናት ሞተዋል። እሷ አላወቀችም። ለጥቂት ጊዜ ሰው እንዳያስገቡብን" አለቻቸው።

አሮጊቷ ፎሶሊያውን ከጭናቸው አወረዱ። ለአፍታ አዩዋትና ወንበራቸውን አንሥተው በሩ መሃል አስቀመጡት።

"ግቢ ልጄ" አሉ እየተቀመጡ። "አልቅሳ እስኪወጣላት ማንም አያልፍም።"

አስካለ ስትመለስ ማሚቴ ውኃው ውስጥ ቆማ በሩን ታያለች። አስካለ ከነልብሷ ወደ ውኃው ወረደች። ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት።

"ሕዝቅኤል እስከ ነገ ጠብቂ ብሎኝ ነበር፣ ማሚቴ" አለቻት። "አልጠብቅም።"