ድልድይ የሆነው ተዝካር

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፤ ሰው ለብቻው የሚያጌጥበትን ሲያሳድድ ዘመኑን ይፈጃል፤ ለሁሉ የሚበጀውን ግን ሌላው ይሥራው ብሎ ይተወዋል፤ በዚህም ጠባዩ መኳንንትና ምንዱባን፣ ሊቃውንትና መሃይምናን አንድ ናቸው። የደብረ ሐሴት ሕዝብም እንዲሁ ነበረ። ከተማዪቱ የንግድ ናትና ሐሩም ሽቱውም ይገባባታል፤ ተዝካር በተደገሰ ቁጥርም የዛሬው ደጋሽ የትናንቱን ካላስናቀ ሟቹ የተዋረደ፣ ቋሚውም ያፈረ ይመስለው ነበር። ከከተማዪቱ በታች የሚወርደው አዛሎ የተባለ ወንዝ በየክረምቱ ሰው ሲወስድ ግን ድልድይ ይሠራ ያለ አልነበረም።

ነጋድራስ ዘርዓ ብሩክም በሐምሌ ሙላት ከነበቅሏቸው ሰጠሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ማርያም ለኅዳር ተዝካር ሠላሳ ሰንጋ አስረው፣ ጠጁንም አስጥለው ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ የተዳረችው አንዲት ልጃቸው መፀነሷን ላከችባቸው። የበኵር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ በመጪው ሐምሌ አባቷን የወሰደውን ውሃ ልትሻገር ነው። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ፈሩ። በማግሥቱም ድግሱ በወንዙ ዳር እንዲሆን፣ በፍስኩ ሰንጋው፣ በጾሙ ሽሮው እስከ ሰኔ እየቀረበ፣ ለድልድዩ ድንጋይ የተሸከመና ኖራ ያቦካ ብቻ እንዲመገበው አዘዙ።

አገሩ ጉድ አለ። የሟቹ ወንድም ባላምባራስ ገብረ ጻድቅ በቁጣ መጥተው፣ «እመቤቴ፣ ወንድሜን ስም ሊያሳጡት ነው? አገር በአንድ ቀን ተሰብስቦ ያልበላው ምን ተዝካር ይባላል?» አሉ።

ወይዘሮዋም፣ «ባላምባራስ፣ በአንድ ቀን የተበላውማ በማግሥቱ ይረሳል። ወንድምዎን የወሰደ ውሃ አሁን ልጁን እየጠበቃት ነው፤ እኔ ሁለተኛ የምቀብረው የለኝም። ሰንጋው ይታረዳል፤ እርስዎ ግን መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ያንሡልኝ» ብለው መለሱ።

ባላምባራስ ሦስት ቀን አኰረፉ። በአራተኛው፣ የጠጁ ነገር ይሁን የደም ነገር እግዜር ይወቀው፣ ካባቸውን አውልቀው ከተሸካሚው መካከል ተገኙ፤ እርሳቸው ካነሡ በኋላ ማን ይቅር? ለበዓል ሐር ሊገዛ ያሰበው ሁሉ ኖራ ገዛ። የሐር ነጋዴዎች ገበያ ጠፋ ብለው አጕረመረሙ፤ ድልድዩ ባለቀ ጊዜ ግን ጭነታቸውን ቀድመው ያሻገሩ እነርሱ ነበሩ።

በሐምሌ አዛሎ ሞልቶ እየጮኸ ሲወርድ ልጅቱ መጣች። አባቷ ከሰጠሙበት ላይ ስትደርስ ቆማ አለቀሰች፤ ባላምባራስም ክንዷን ደግፈው፣ ከወዲህ ዳር ወደሚጠብቋት እናቷ በዝግታ አሻገሯት። ለራሱ ብቻ ያከማቸው ሰው ንብረቱን ቋሚዎች ይካፈሉታል፤ ለሁሉ ባቆመው ሥራ ላይ ግን ገና ያልተወለደው እንኳ ይሻገራል።