አረማመዱ የእሱ ነው

በያጁ ከማረሚያ ቤቱ በር እንደወጣ ታላቅ እህቱን አያትና እርምጃውን ጨመረ። ልብስ ሰፊዋ እህቱ ከኋላው ሮጠች።

"ቆይ እንጂ ወንድምዓለም! ታክሲ አስቁሜያለሁ።"

"እግር አለኝ።"

ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው እግሩ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዘራፊ የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይዋን በብረት መትቶ ሲያመልጥ ካሜራ ከጀርባው ቀረጸው። ፊቱ አይታይም፤ ግራ እግሩን ግን ይጎትታል። በያጁም በልጅነቱ ከጣሪያ ከወደቀ ወዲህ ግራ እግሩን ይጎትታል። ገንዘብ ተቀባይዋ "ሳይሆን አይቀርም" ብላ አመነታች። እህቱ ግን ፖሊስ ፊልሙን ሲያሳያት አላመነታችም።

"አረማመዱ የእሱ ነው" አለች። ፍርድ ቤት ቀርባም እያለቀሰች ይህንኑ ደገመች።

እሱ በዚያ ሰዓት ሰው በሌለበት ግቢ ብቻውን የብረት በር ሲበይድ ነበር። ማን ይመስክርለት? "የገዛ እህቱ ናት የመሰከረችበት" አሉ ዳኛው፤ ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ባለፈው ወር እውነተኛው ዘራፊ በሌላ ወንጀል ተይዞ የመድኃኒት ቤቱንም ዝርፊያ አመነ።

እህቱ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰችበት።

"እኔ እኮ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት። አልዋሸሁም።"

ቆመ። "ብትዋሺ ይሻለኝ ነበር። አስፈራርተዋት ነው ብዬ እጽናና ነበር። አንቺ ግን ከልብሽ አመንሽ። በየወሩ የታጠበ ልብስ ይዘሽልኝ እየመጣሽ 'ጥፋትህን እመንና ይቅርታ ጠይቅ' ትዪኝ ነበር። ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"አፈር ልብላልህ!"

"አፈሩ ምን ያደርግልኛል?"

መንገዱን ቀጠለ። እሷም ተከተለችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እማዬ እኔ መሆኔን አታውቅም። አንድ መንገደኛ ነው የመሰከረበት ብያታለሁ። ልቧን ያማታል... እባክህ።"

ወደ እናታቸው ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

እናታቸው አልጋዋ ላይ ተደግፋ ስትጠብቅ ደረሱ። ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ አንገቱን ሳመችው፤ መልሳ ዳበሰችው።

"አላልኩም? ልጄ የሰው ገንዘብ አይነካም አላልኩም?" እንባዋን ጠረገች። "ለመሆኑ ያ መንገደኛ ማን ነው? ዓይኑ ይጥፋ!"

እህቱ በሩ ሥር ድርቅ ብላ ቀረች። በዓይኗ ለመነችው። "ማን እንደሆነ እንጃ" ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ተናግሮ ማንም ያላመነው እሱ፣ ዛሬ ወጥቶ ለእሷ ሲል ሊዋሽ?

በርጩማ አንስቶ ከአልጋው ፊት ለፊት አስቀመጠ።

"ነይ ተቀመጪ" አላት እህቱን። "ራስሽ ንገሪያት።"

ከዚያም ከእናቱ ጎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጇን አጥብቆ ያዘ።